ግንባር ያከራከራቸው ሰዎች

በማርች 1967 የአሜሪካው ኤን.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ያስተላልፈው የነበረው ተከታታይ ድራማ «ስታር ትሬክ» አዳዲስ ጠላቶችን ለተመልካች አስተዋወቀ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስማቸው ክሊንጎን ነው። ጦረኞች ናቸው፤ ሰፊ ግዛት አላቸው፤ ከጠፈር መርከብ አዛዡ ከካፒቴን ኪርክና ከባልደረቦቹ ጋር ዓይንና ናጫ ናቸው። መልካቸው ግን ከሰው ብዙም አይርቅም ነበር። ተዋናዮቹ ፊታቸውን የሚያጠቁር ቅባት ተቀቡ፤ ቅንድባቸው ወደ ላይ ተሳለ፤ ጺም ተለጠፈላቸው። አለቀ። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ማድረስ ያለበት፣ ገንዘቡም ጊዜውም የተቆጠረ ድራማ ከዚህ በላይ ሊያደርግ አይችልም ነበር።

በዲሴምበር 1979 የመጀመሪያው የ«ስታር ትሬክ» ፊልም ሲኒማ ቤት ገባ። ፊልሙ የሚጀምረው በሦስት የክሊንጎን የጦር መርከቦች ነው። ካሜራው ወደ አንደኛዋ መርከብ ሲዘልቅ አዛዡ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ግንባሩን መሐል ለመሐል ከፍሎ በአናቱ ላይ የሚያልፍ፣ የጀርባ አጥንት የመሰለ ሸንተረር አለው። የመርከቡ ሠራተኞችም እንደዚያው ናቸው። ስለ ለውጡ ትንፍሽ የሚል ሰው የለም። መርከቦቹ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋሉ፤ ታሪኩም ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋል።

አድናቂዎቹ ግን አላለፉም። እነዚህ ሰዎች ግንባራቸው ምን ሆነ? ጥያቄው ሩብ ምዕተ ዓመት አከራከረ። ይህን ምዕራፍ ለእሱ የሰጠሁት የልብ ወለድ ዓለም በምን እንደሚቆም፣ ምን ሲነካው እንደሚናጋና ማን እንደሚጠግነው ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ጉዳይ ስለማላውቅ ነው።

ለጥያቄው ሁለት ዓይነት መልስ አለ። ክርክሩ የሚከረውም ብዙ ጊዜ አንዱ ወገን በአንደኛው፣ ሌላው በሁለተኛው ሲናገር ነው። የመጀመሪያው መልስ ከታሪኩ ውጭ ይቆማል፦ በ1967 ገንዘብ አልነበረም፣ በ1979 ነበረ። የድራማው ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪም ያዘነበለው ወደዚህ ነው፤ ክሊንጎኖች ድሮም ግንባራቸው እንዲህ እንደነበረ፣ ማሳየት ያልተቻለው በአቅም ማነስ እንደሆነ ቁጠሩት ይል ነበር። ሁለተኛው መልስ ታሪኩ ውስጥ ይገባል፦ በሽታ መትቷቸው ይሆናል፤ ምናልባትም ሁለት የተለያዩ ዘሮች ናቸው። አድናቂዎች ለእነዚህ መልሶች ስም አላቸው። ከታሪኩ ውጭ ያለውን የዶይል መልስ፣ ከታሪኩ ውስጥ ያለውን የዋትሰን መልስ ይሉታል። ስሞቹ የተወሰዱት ከሼርሎክ ሆምስ ነው፤ ዶይል ደራሲው ነው፣ ዋትሰን ደግሞ በታሪኩ ውስጥ ሆኖ የሚተርከው ሐኪም።

ስሞቹ ከዚያ መወሰዳቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የክርክሩ አባቶች የሆምስ አንባቢዎች ናቸው። አርተር ኮናን ዶይል በ1887 ባወጣው የመጀመሪያው የሆምስ ታሪክ ዋትሰን አፍጋኒስታን ውስጥ፣ በማይዋንድ ውጊያ፣ ትከሻውን እንደተመታ ይናገራል። በ1890 በወጣው በሁለተኛው መጽሐፍ ጥይቱ ያገኘው እግሩን ነው። በሌላ ታሪክ ደግሞ የዋትሰን ሚስት ባሏን «ጄምስ» ብላ ትጠራዋለች፤ የሰውየው ስም ጆን ነው። ዶይል ለእንዲህ ያለ ዝርዝር እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አልነበረም።

በ1911 ኦክስፎርድ የነበረው ሮናልድ ኖክስ፣ ኋላ የካቶሊክ ቄስ ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ሰው፣ የሆምስን ታሪኮች የዘመኑ ሊቃውንት ቅዱሳት መጻሕፍትን በሚመረምሩበት መንገድ መርምሮ ጽሑፍ አቀረበ። ዓላማው በሊቃውንቱ ዘዴ ላይ መሳለቅ ነበር። አንባቢዎች ግን ስላቁን ትተው ዘዴውን ወሰዱት። የሆምስ ወዳጆች የዶይልን 60 ታሪኮች ቀኖና ብለው ሰየሟቸው፤ ዛሬ የየትኛውም ድራማ አድናቂ «ይሄ ቀኖና ነው፣ ያኛው አይደለም» ሲል የሚናገረው የእነሱን ቋንቋ ነው። ደራሲዋ ዶሮቲ ሴየርስ የ«ጄምስ»ን ነገር የፈታችበት መንገድ እስካሁን በምሳሌነት ይጠቀሳል። ዋትሰን ሙሉ ስሙ ጆን ኤች. ዋትሰን ነው፤ «ኤች» የምን እንደሆነ ዶይል አልተናገረም። ሴየርስ ሃሚሽ ነው አለች። ሃሚሽ ስኮትላንዶች ጄምስን የሚሉበት ስም ነውና ሚስቱ ባሏን በመካከለኛ ስሙ አቆላምጣ መጥራቷ ነው። ከራሷ ያመጣችው ታሪክ የለም፤ ዶይል ጥሎት የሄደውን አንድ ፊደል አነሳች።

ሁለት ንባቦች ሲጋጩ አንዱን ሐሰት ከማለት በፊት ሁለቱም የሚቆሙበትን ምሥጢር መፈለግ በአንድምታ ጉባኤ ላለፈ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የሆምስ አንባቢ የሚለየው መጽሐፉ የሰው ፈጠራ መሆኑን እያወቀ ይህን በማድረጉ ነው።

መጽሐፍ ተመልሶ ይገለጣል። የ1960ዎቹ የቴሌቪዥን ድራማ ግን አንዴ ታይቶ፣ ቢበዛ አንዴ ተደግሞ የሚቀር ነገር ነበር፤ የጸሐፊዎቹም ጥንቃቄ በዚያው ልክ ነው። «ስታር ትሬክ» ገና ሲጀመር በተሠራ ክፍል ውስጥ ኃይል ያሰከረው የቀድሞ ጓደኛው ለኪርክ መቃብር ያዘጋጅለታል፤ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ስም «ጄምስ አር. ኪርክ» ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ምንጊዜም ጄምስ ቲ. ኪርክ ነው። ድራማው በ1969፣ በ79 ክፍሎች ሲቋረጥ ይህ ፊደል ተረስቶ መቅረት ነበረበት። ያልቀረው በየከተማው ያሉ ጣቢያዎች ክፍሎቹን ገዝተው በ1970ዎቹ ደጋግመው ስላሳዩዋቸው ነው። በሳምንት አምስት ቀን ቢታዩ 79ኙ ክፍሎች በ16 ሳምንት አልቀው እንደገና ይጀመራሉ። ከትምህርት ቤት መልስ ቴሌቪዥን የሚከፍት ልጅ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ንግግሩን በቃሉ ይዞታል። አንዴ ያየ ሰው የማያስተውለውን ስህተት አሥር ጊዜ ያየ ሰው ሊያልፈው አይችልም። እነ ቢጆ ትሪምብል ደግሞ ድራማው ባለቀበት ዓመት የክፍሎቹን ይዘት፣ የገጸ ባሕርያቱን፣ የፕላኔቶቹንና የመርከቦቹን ስም በፊደል ተራ የሚዘረዝር ማውጫ በራሳቸው ወጪ አሳተሙ። ስቱዲዮው ለራሱ ያላዘጋጀውን መዝገብ ተመልካቾች አዘጋጁለት ማለት ነው።

ከመዝገብ ቀጥሎ የሚመጣው ማስረጃ መጥቀስ ነው። በ1982 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ካን የተባለው ባላጋራ ቼኮቭ የተባለውን የኪርክ መኮንን ገና ሲያየው ያውቀዋል፤ ፊት አልረሳም ይለዋል። ችግሩ ካን ከኪርክ መርከብ ጋር የተገናኘበት ክፍል የታየው በፌብሩዋሪ 1967 መሆኑ ነው፤ ቼኮቭ ደግሞ ድራማውን የተቀላቀለው በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር፣ በሁለተኛው ሲዝን ነው። ካን ያላየውን ሰው እንዴት አስታወሰ? የዶይል መልስ አጭር ነው፤ የፊልሙ ሠሪዎች አላስተዋሉም ወይም ግድ አልሰጣቸውም። የዋትሰንን መልስ የፈለጉት አድናቂዎች ወደ መርከቡ መዝገብ ሄዱ። በድራማው ውስጥ አብዛኛው ጉዞ የራሱ የቀን ቁጥር ይነገርለታል። ካን የተገኘበት ቀን 3141.9 ነው። ቼኮቭ ካለባቸው የሁለተኛው ሲዝን ክፍሎች አንዱ ደግሞ 3018.2 ይላል፤ ካን ከመምጣቱ ይቀድማል ማለት ነው። ስለዚህ ቼኮቭ ያኔም መርከቡ ላይ ነበረ፤ እኛ ያላየነው ሥራው ሌላ ክፍል ውስጥ ስለነበረ ነው።

መልሱ ያምራል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። የቀን ቁጥሮቹ በድራማው ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚዘሉ፣ ጸሐፊዎቹም ለቅደም ተከተል ያልተጨነቁባቸው ናቸው፤ አንዱን ማስረጃ አድርጎ ሌላውን መተው አያስኬድም። ያም ሆኖ የተሻለ መከራከሪያ ያቀረበ አላየሁም። ቼኮቭን ከመርከቡ ላይ የሚያስወጣ አንድም ንግግር የለምና።

ወደ ግንባሩ እንመለስ፤ የማስረጃው አካሄድ እውነተኛ መልኩን የያዘው እዚያ ላይ ነው። በ1980ዎቹ ሦስት ሐሳቦች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። አንደኛው የሮደንቤሪ ነው፦ ምንጊዜም ሸንተረር ነበራቸው። ሁለተኛው ሁለት ዓይነት ክሊንጎኖች አሉ ይላል፤ በዚያ ዘመን የወጣ አንድ የሚና ጨዋታ እንዲያውም ለስላሳ ግንባር ያላቸው ከሰው ጋር ተዳቅለው የተፈጠሩ ናቸው ብሎ አብራርቶ ነበር። ሦስተኛው በመሐል አንድ ነገር ደርሶባቸዋል የሚል ነው። ሦስቱም ያለውን ሁሉ ያስረዱ ነበር፤ ስለዚህ ማንም ማንንም ሊረታ አልቻለም።

በ1994 «ዲፕ ስፔስ ናይን» የተባለው ተከታይ ድራማ ሦስት አሮጌ ክሊንጎኖችን መለሰ፦ ኮር፣ ኮሎዝና ካንግ። በ1967 እና በ1968 እነዚህን ገጸ ባሕርያት የተጫወቱት ጆን ኮሊኮስ፣ ዊልያም ካምቤልና ማይክል አንሳራ ራሳቸው ናቸው የተጫወቷቸው። በታሪኩ ውስጥ መቶ ዓመት ገደማ አልፏል፤ ሦስቱም ሽማግሌዎች ናቸው። ሦስቱም ሸንተረር አላቸው። የሁለት ዘር ሐሳብ ያን ቀን ወደቀ። ወጣት ሳለ ለስላሳ ግንባር የነበረው ኮር ሲያረጅ ሸንተረር ካበቀለ፣ ልዩነቱ በሁለት ሕዝቦች መካከል መሆኑ ቀርቶ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ገባ።

የቀሩት ሁለት ናቸው። በኖቬምበር 1996፣ የ«ስታር ትሬክ» 30ኛ ዓመት ሲከበር፣ ያው ድራማ ገጸ ባሕርያቱን በጊዜ ወደ ኋላ መልሶ በ1967 በታየ ክፍል ውስጥ አስገባቸው። አዲሶቹ ተዋናዮች በኮምፒውተር ከአሮጌው ፊልም ጋር ተዋሕደው ከኪርክ ሰዎች አጠገብ ይቆማሉ። አንድ ትዕይንት ላይ ኦብራየን፣ ዶክተር ባሺር፣ ኦዶና ክሊንጎኑ ዎርፍ መጠጥ ቤት ተቀምጠዋል። አካባቢው በክሊንጎኖች የተሞላ ነው፤ አንዳቸውም ሸንተረር የላቸውም። ሰዎቹ መጀመሪያ ክሊንጎን መሆናቸውን አያውቁም። ሲነገራቸው ሁሉም ዞረው የዎርፍን ግንባር ያያሉ። አንዱ የዘረመል ሥራ ነው ወይ ይላል፤ ሌላው የቫይረስ ጉዳት ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ዎርፍ ፊቱን አጥቁሮ ታሪኩ ረጅም እንደሆነ፣ ለባዕድ እንደማይነገር ገልጾ ዝም ይላል።

ብዙ ሰው ይህን ትዕይንት እንደ ቀልድ ብቻ ያስታውሰዋል። ለእኔ በጠቅላላው ክርክር ውስጥ ከዚህ የከበደ ደቂቃ የለም። እስከዚያ ምሽት ድረስ ግንባሩ የሜካፕ ጉዳይ ነበር፤ እኛ ተመልካቾች ያየነው፣ እነሱ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ግን ያላዩት ነገር። ኦብራየንና ባሺር ዞረው ሲያዩ ልዩነቱ በእነሱ ዓለም ውስጥ ያለ እውነት ሆነ። የሮደንቤሪ መልስ ከዚያ በኋላ አይሠራም፤ ምንጊዜም እንዲህ ነበሩ ሊባል አይችልም፤ ምክንያቱም ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው በዓይናቸው አይተው መስክረዋል። በዚህ ድራማ ብቻ አይደለም፤ በየትኛውም የልብ ወለድ ዓለም ውስጥ ወሰኑ እዚህ ላይ ነው። ተመልካች ያየው ስህተት የሠሪዎቹ ስህተት ነው፤ ገጸ ባሕርይ ያየው ስህተት የታሪኩ አካል ነው።

መልሱ በፌብሩዋሪ 2005፣ «ኤንተርፕራይዝ» በተባለው ድራማ በሁለት ተከታታይ ክፍሎች መጣ። ድራማው ራሱ ችግሩን አባብሶት ነበር፤ ከኪርክ መቶ ዓመት ቀድሞ የተዘጋጀ ታሪክ ሆኖ ክሊንጎኖቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሸንተረር ነበራቸው። ማብራሪያው እንዲህ ነው። ምድር ላይ በዘረመል ሥራ የተሻሻሉ ሰዎች ነበሩ፤ ካንም ከእነሱ አንዱ ነው። ክሊንጎኖች የእነዚህ ሰዎች ዘረመል እጃቸው ይገባል፤ የራሳቸውን ወታደሮች ለማጎልበት ይሞክሩበታል። ወታደሮቹ ይጠነክራሉ፤ ግንባራቸው ግን እየሟሸሸ ይሄዳል፤ ከዚያ ይሞታሉ። ሙከራው ከአንድ ቫይረስ ጋር ተዳቅሎ ወረርሽኝ ይሆናል። የኤንተርፕራይዝ ሐኪም ፍሎክስ ያገኘው መድኃኒት በሽታውን የሚያቆመው ገና በመጀመሪያ ደረጃው ላይ ነው፤ በሽተኞቹ ይተርፋሉ፣ ለስላሳው ግንባር ግን አይለቃቸውም፤ ለልጆቻቸውም ይተላለፋል። ከሐኪሞቹ አንዱ በመጨረሻ የራስ ቅል ቀዶ ጥገና ስለ መጀመር ያነሳል። የሽማግሌው ኮር ሸንተረርም በዚያ በኩል መንገድ አገኘ።

በ1996 መጠጥ ቤት ውስጥ የተሰነዘሩት ሁለት ግምቶች፣ የዘረመል ሥራና ቫይረስ፣ ሁለቱም ትክክል ሆነው ተገኙ። ጸሐፊዎቹ ከባዶ አልጀመሩም፤ ቀድሞ የተዘራውን አጨዱ። ከሁሉም የወደድኩት ግን ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ መመለሱን ነው። ዎርፍ ለምን ዝም አለ? በ1996 ዝምታው ከጥያቄ ማምለጫ ነበር። ከ2005 በኋላ ያንኑ ትዕይንት ስታዩት ሌላ ነገር ነው። ጦረኛነቱ የሚያኮራው ሕዝብ የሰውን ደም ተበድሮ ኃያል ለመሆን ሞክሯል፤ ሳይሳካለት ቀርቶ የሰውን ፊት ተሸክሞ ለትውልድ ኖሯል፤ ያዳነውም የሰዎች መርከብ ሐኪም ነው። ይህን ለባዕድ የሚያወራ ክሊንጎን የለም። ዎርፍ ዝም ያለው በእፍረት ነው።

«ፈጠራ ነው፤ ምን ያስጨንቃችኋል?» የሚሉ ሁልጊዜ አሉ። ለእነሱ የሚሆን ምሳሌ ያለው በእንግሊዙ «ዶክተር ሁ» ነው። ከ1963 ጀምሮ በሚታየው በዚህ ድራማ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲሞት አካሉን ለውጦ በአዲስ ተዋናይ ይቀጥላል። በ1976 ሮበርት ሆምስ በጻፈው ታሪክ ውስጥ ይህ የሚቻለው 12 ጊዜ ብቻ ነው ተባለ። ያኔ አራተኛው ዶክተር ላይ ነበሩ፤ አሥራ ሁለት በጣም ሩቅ ቁጥር ነው። አድናቂዎች ግን መቁጠር አላቆሙም። በ2013 ገና በዓል ላይ ማት ስሚዝ ሲሰናበት አሥራ አንደኛው ዶክተር ይባል እንጂ፣ ያልተቆጠረውን የጦርነቱን ዶክተርና ቀድሞ አንዱ ያባከነውን ለውጥ ስትደምሩ 12ቱ አልቀዋል። ጸሐፊው ስቲቨን ሞፋት ቁጥሩን አላለፈውም፤ ዶክተሩ መጨረሻው እንደሆነ አውቆ አርጅቶ ለመሞት ሲዘጋጅ አሳየን፤ አዲስ ዕድሜ የተሰጠውም ለምኖለት በቆመ ሰው አማካይነት ነው። ሕጉ ባይኖር ያ ክፍል የተዋናይ ቅያሬ ብቻ ይሆን ነበር። የማይሞት ገጸ ባሕርይ አደጋ ላይ ሊወድቅ አይችልም፤ አደጋ የሌለበት ታሪክ ደግሞ ማንንም ወንበር ጫፍ ላይ አያስቀምጥም። የተመልካች ትውስታ ነው ያን አደጋ ለ37 ዓመታት ያቆየው።

አንዳንዱ ቀዳዳ ቀድሞም ቀዳዳ አልነበረም። በ1977 «ስታር ዋርስ» ውስጥ ሃን ሶሎ መርከቡ አንድን ጉዞ ከ12 ፓርሴክ ባነሰ እንደጨረሰች ይመካል። ፓርሴክ የጊዜ መለኪያ አይደለም፤ 3.26 የብርሃን ዓመት የሚያህል ርቀት ነው። በ2018 የወጣው የሶሎ ፊልም አደገኛ አቋራጭ ማለፉን አሳይቶ ንግግሩን እውነት አደረገው። በታተመው ስክሪፕት ላይ ግን ሽማግሌው ቤን ይህን ሲሰማ ሰውየው እንደሚዋሽ ገብቶት ፊቱን እንደሚለውጥ ተጽፏል። ሃን ጉረኛ ነው፤ ትዕይንቱም የጉራ ትዕይንት ነበር። የጠገነው ፊልም አንድን ጥሩ ውሸት ወሰደብን። እዚህ ላይ አጥብቄ ከጠጋኞቹ ጋር አልስማማም።

በ2017 የተጀመረው «ዲስከቨሪ» ክሊንጎኖችን እንደገና ለወጣቸው፦ ጸጉር የላቸውም፣ የራስ ቅላቸው ወደ ኋላ ረዝሟል። ዘመኑ ከኪርክ ጉዞ አሥር ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። ቁጣው ከባድ ነበር። በሁለተኛው ሲዝን ጸጉራቸው ተመለሰ፤ በጦርነቱ ጊዜ ተላጭተው ነበር ተባለ። በ2023 ደግሞ ከዚያው ዘመን የሚተርከው «ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ» የድሮውን፣ የዎርፍን ዓይነት ግንባር መለሰ። አንዳንድ አድናቂዎች ለዚህም ሌላ ቫይረስ፣ ሌላ ዘር መፈለግ ጀምረዋል።

እኔ አልፈልግም። በ«ዲስከቨሪ» ውስጥ ያ ራስ ቅል ሲታይ የደነገጥነው እኛ ነን፤ በመርከቡ ላይ የነበሩት ሰዎች የክሊንጎን መልክ ተለወጠ ብለው ዞረው አላዩም። ስለዚህ የሜካፕ ባለሙያ ምርጫ ነው፤ ወደድነውም ጠላነውም መልሱ የዶይል ነው። በሚቀጥለው ጊዜ በምትወዱት ድራማ ላይ ቀዳዳ አግኝታችሁ ከወዳጃችሁ ጋር ስትሟገቱ ክፍሉን መልሳችሁ ክፈቱና መጀመሪያ ይህን አጣሩ፦ ያየነው እኛ ብቻ ነን ወይስ እነሱም አይተዋል? እነሱም ካዩት ጸሐፊው ዕዳ አለበት፤ እስኪከፍል ድረስ አትልቀቁት።